አንድ ጊዜ ብቻ የተጠየቀው ሰው

እንዳላማውን ሥራ ያሳጣው ዕድሜው ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ሰፈሩ ሁሉ ሃምሳ ካለፈ በኋላ ማን ይቀጥረዋል እያለ ከንፈሩን ሲመጥለት ከረመ እንጂ፣ ሥራውስ ተገኝቶ ነበር። ስልክ ተደውሎ፣ በስሙ ተጠርቶ፣ አንደኛ ወጥተዋል ተብሏል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እንኳን ለአዲስ አበባ ሰው ለራሱም ማስረዳት ይቸግረዋል።

ሰውዬው የውሃ ሰው ነው። የተወለደው ደብረ ወርቅ አጠገብ ነው፤ ዳዊት እስኪደግም ቄስ ትምህርት ቤት ቆይቶ ኋላ ዘመናዊውን ተማረ፣ በውሃ ሥራ ዲፕሎማ ያዘ። ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ደብረ ማርቆስ ቢሮ በነበረው አንድ የውሃ ፕሮጀክት ውስጥ ምንጭ ሲያጎለብት ኖረ። ምንጭ ማጎልበት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከብት የሚረግጠውን፣ ከድንጋይ ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ ዓይኑ ድረስ ቆፍሮ ማግኘት፣ በሲሚንቶ ማነጽ፣ በቱቦ አውርዶ መንደሩ መሃል ቦኖ ላይ ማድረስ ነው። ከደብረ ወርቅ እስከ መርጡለ ማርያም እሱ ያልወረደበት ገደል የለም። እዚያ አገር ሴቶች ጀሪካናቸውን የሚሞሉበትን ቦኖ አብዛኛውን የተከለው እሱ ነው።

ኋላ ለጋሾቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሠራተኛው አዳራሽ ተጠራ፣ ለስላሳና ኬክ ቀረበለት፣ የምስጋና ደብዳቤ ተነበበለት፣ ተሰናበተ። እንዳላማው ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለየኔአለም የነገራት ስለ ኬኩ ነው። የቀረውን በሦስተኛው ቀን ነገራት። ያን ጊዜ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት ሥራ የፈለገው በራሱ ደንብ ነው። ኮቱን ይለብሳል፣ ጫማውን ያስጠርጋል፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ያለበትን ግንብ ሁሉ ሲዞር ይውላል። ሰሌዳው ዲግሪ ሲል እሱ ያለው ዲፕሎማ ነው። ሰሌዳው አምስት ዓመት ልምድ ሲል እሱ ሃያ ሁለት አለው፤ የበዛውም እንደ ጎደለው ያስጠረጥራል መሰለኝ፣ ማመልከቻውን ተቀብለው እንደውልልዎታለን ይሉታል፣ አይደውሉም። አንዱ ቢሮ ውስጥ የነበረ ወጣትማ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ፣ አባቴ ለልጅዎ ነው የሚያመለክቱት ወይስ ለራስዎ አለው። ልጁ ለክፋት አልነበረም። እንዳላማው ግን ከዚያ ቢሮ በር ላይ ሁለተኛ አልደረሰም።

የሚያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች አልነበሩትም ወይ ትሉ ይሆናል። ነበሩት እንጂ። ዛሬ ወንበር የያዙ መሐንዲሶች፣ ያኔ ጭቃ ላይ አብረውት የወደቁ። ቢሯቸው ይገባል፤ ስለ ልጆቻቸው ይጠይቃል፣ ስለ ዝናሙ ያወራል፣ የቀረበለትን ሻይ ይጠጣል፣ እንዲያው ልጠይቃችሁ ብዬ ነው ብሎ ይወጣል። ሥራ ፈትቻለሁ፣ ፈልጉልኝ የምትለዋ ነገር ከአፉ አትወጣም። ሰው ማስቸገር ነዋ። የሰፈሩ ቀልደኞች የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉበት ይሰማል፣ አብሯቸው ይስቃል፣ ቤቱ ሲገባ ግን እራት አልበላም ይላል።

ሁለተኛው ዓመት ሲጋመስ ልጁ ፍቅርአዲስ ነገሩን ከእጁ ቀማችው። ፍቅርአዲስ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የስንቱን ተመራቂ ሲቪ የጻፈች ናት። የአባቷን የሥራ ልምድ ወረቀት አውጥታ አነበበችው። አቶ እንዳላማው በመሥሪያ ቤታችን ለሃያ ሁለት ዓመት በቅንነት አገልግለዋል ይላል፤ ፊርማ፣ ማኅተም፣ አለቀ። ቅንነቱ ለሰማይ ቤት ይሁንህ፣ እዚህ የሚጠይቁህ የሠራኸውን ነው አለችው። ስንት ምንጭ ሠራህ ብትለው፣ ውሃ ይቆጠራል ወይ ብሎ ተቆጣ። እሷ ግን የምትበገር አይደለችም። ሦስት እሑድ ከቅዳሴ መልስ አስቀምጣ መንደር በመንደር እያስጠራች ጻፈችው። መቶ አርባ አንድ ሆነ። እንዳላማው ቁጥሩን ሲያይ የሌላ ሰው ሥራ ነው የመሰለው።

ከዚያ ስልኩን አስነሳችው። ለእነዚያ መሐንዲሶች የሚላቸውን በወረቀት ጽፋ ፊቱ አስቀመጠች። ሰላምታው ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ሦስተኛው መስመር ሥራ እየፈለግሁ ነው ይላል። አነበበው። ላቡ ጠብ እያለ፣ እንደ ቄስ ተማሪ ፊደል በፊደል አነበበው። ሦስቱ እናስባለን አሉት። አራተኛው ግን ይህን ሳይነግሩኝ ሁለት ዓመት ሻይ ሲጠጡ ኖሩ ብሎ ወቀሰውና፣ አንድ አዲስ ድርጅት በደብረ ወርቅ ዙሪያ የውሃ ሥራ ሊጀምር ነው፣ የመስክ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል፣ ዛሬውኑ ያስገቡ አለው።

ደብረ ወርቅ! እጁን የሚያውቁት ምንጮች ያሉበት አገር። የአባቱ ቤት እዚያ አለች፣ የኔአለምን ይዟት ይገባል። ይህን ካጣ ደግሞ የሚጠብቀው ታውቋል። የአጎቱ ልጅ ቢያዝን ደጀን ላይ፣ የጭነት መኪኖች መቆሚያ ዳር፣ የእህል መጋዘን አለው፤ ዘበኛ ይፈልጋል። ና፣ እስከ ጥቅምት እጠብቅሃለሁ፣ ከዚያ ግን ሌላ ሰው አስገባለሁ ብሎታል። ቢያዝን ክፉ ሰው አይደለም፤ ያለውን ነው የሰጠው። ነገር ግን ማደሪያው ለአንድ ሰው የምትበቃ የቆርቆሮ ክፍል ናት፣ የየኔአለም ዓይን ደግሞ እየደከመ ነው፤ ግድግዳ ሳትዳስስ ከቤት አትወጣም። ፍቅርአዲስ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት። ሚስቱን ለብቻዋ ጥሎ፣ መቶ አርባ አንድ መንደር ውሃ ያጠጣ ሰው የሰው ጆንያ ሊጠብቅ ነው። 

ለቃለ መጠይቁ ሁለት ሳምንት ተለማመዱ። ፍቅርአዲስን ያስጨነቃት አንዲት ቃል ነበረች፤ አባቷ «እኔ» አይልም። ምን ሠራህ ሲሉት፣ እኛ ምን ሠርተን፣ ያፈለቀው ባለቤቱ ይላል። ጨዋ ያሳደገው ሰው እንዲያ ነው የሚለው፤ ራሱን የሚያመሰግን ሰው እኛ አገር የት ይደርሳል? እሷ ግን «እኛ» ባለ ቁጥር ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ ትመታለች። እኔ ቆፈርሁ በል። እኔ መራሁ በል። የኔአለም ከጓዳ ሆና ስትሰማ ትስቃለች፤ ባሏ እንዲህ ሲፎክር ከሠርጋቸው ወዲህ ሰምታው አታውቅም።

ቃለ መጠይቁ እዚያው ደብረ ማርቆስ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ምናለን አገኘው። ምናለ በተዘጋው ፕሮጀክት ውስጥ እንዳላማው እጁን ይዞ ሥራ ያስተማረው ነው፤ አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሚስት አግብቷል፣ እሱም ሁለት ዓመት ሥራ ፈት ነው። ተሳሳሙ። ምናለ አፍሮ፣ እርስዎ መምጣትዎን ባውቅ አልመጣም ነበር ጋሼ አለ። እንዳላማው ደግሞ ምን ነካህ፣ ከእኔ አንተ ትሻላለህ አለው። ግባ፣ አይ እርስዎ ይቅደሙ፣ አይሆንም ሲባባሉ ጸሐፊዋ ወጥታ ስም ጠርታ ገላገለቻቸው።

ከአዲስ አበባ በመጡት ሦስት ጠያቂዎች ፊት እንዳላማው «እኔ» አለ። መጀመሪያ ድምፁ ሰለለ። ኋላ ስለ ውሃ ማውራት ሲጀምር ግን ሰቀቀኑ ተረሳው። ምንጭ በግንቦት እንጂ በመስከረም እንደማይለካ፣ የመስከረም ውሃ ሁሉ ውሸታም እንደሆነ፣ በመስከረም ለክቶ የተከለውን አንድ ቦኖ በፋሲካ ደረቅ ሆኖ አግኝቶት እንዳለቀሰ ነገራቸው። አንደኛው ጠያቂ መጻፉን ትቶ ያዳምጠው ጀመር። እንዳላማው ከአዳራሹ ሲወጣ ልቡ ነግሮታል፤ ይህ ሥራ የእሱ ነው።

ስልኩ የተደወለው በዘጠነኛው ቀን፣ የሚካኤል ማኅበር ላይ ነው። ማኅበርተኛው ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ቤት ተሰብስቧል። ወለተ ሰንበት ሁሉን የምታውቅ ባልትና ያላት ሴት ናት፣ የማታውቀው ማቆም ብቻ ነው። ጭልፋዋን ይዛ ትዞራለች። እንዳላማው በቃኝ ይላል፣ በሞቴ ትላለች። ኧረ ጠግቤያለሁ ይላል፣ ስሞት ትላለች። በሦስተኛው እንግዲህ ካልሽ ብሎ ይቀበላል። ማን ነው በመጀመሪያው እሺ የሚል? በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ስሙ ሆዳም ነው። ሁለቴ እምቢ ብሎ በሦስተኛው መቀበል ነው ደንቡ፤ መግደርደር ይሉታል። ጋባዡም ያውቀዋል፣ ተጋባዡም ያውቀዋል፣ ያቺን እምቢታ እምቢታ ብሎ የሚሰማት የለም።

ስልኩ ሲጮህ እንዳላማው አፉን ጠርጎ ደጃፉ ላይ ቆመ። ደዋይዋ ከድርጅቱ ዋና ቢሮ ናት፤ ድምፅዋ የልጅ፣ አነጋገሯ ትሑት። ከአመልካቾቹ ሁሉ አንደኛ እርስዎ ነዎት አለችው። ሥራው የእግር ጉዞ ይበዛዋል፣ ደብረ ወርቅ መቀመጥ ይጠይቃል፣ ይቀበሉታል ወይ ብላ ጠየቀችው።

ልቡ ዘለለ። ከኋላው ማኅበርተኛው እጁን ከሳህኑ ሰብስቦ ያዳምጠዋል። አፉ ግን የለመደውን አለ።

«ኧረ እኔ አሁን ምን አቅም አለኝ ብላችሁ ነው» አላት። «ስንት ጎበዝ ወጣት እያለ። ለእነሱ ብትሰጡት አይሻልም?»

ልጅቱ ትንሽ ዝም አለች። እንዳላማው ይህቺን ዝምታ ያውቃታል፤ «በሞቴ» ከመባሉ በፊት የምትመጣ ዝምታ ናት።

«እንደዚያ ከሆነ ውሳኔዎን እናከብራለን» አለችው። «ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ፍቅርአዲስ ለጥያቄው ሁሉ መልስ አስጠንታዋለች። ውሰደው ሲሉት እሺ እንዲል ግን አላስጠናችውም። ይህ ይጠናል ብሎ ማን ያስባል?

ስቆ ገባ። አዎ፣ ስቆ! ምን አሉህ ሲሉት፣ አንደኛ ነህ አሉኝ፣ ደግሞ ይደውላሉ አለ። ወለተ ሰንበት እልል ብላ ጭልፋዋን ይዛ መጣች፣ እሱም ከደስታው የተነሳ አንድ ጊዜ ብቻ እምቢ ብሎ ተቀበላት። በነገታው ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ኪሱ ውስጥ ይዞ ዋለ። ቤቱ ኔትወርክ ይቆራረጣልና በሁለተኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ቆሞ ዋለ። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ምን ታደርጋለህ ሲለው ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው ይላል። ለሚቀጥለው ጥሪ የሚለውን እንኳ አስቦ ጨርሷል። ትንሽ ያንገራግርና፣ በሦስተኛው እንግዲህ ካላችሁ ይላቸዋል።

በሦስተኛው ቀን ፍቅርአዲስ ነገሩ ከነከናት። ምን አሉህ፣ አንተስ ምን አልህ፣ አንድም ቃል ሳትዘል ንገረኝ አለችው። ነገራት። ፍቅርአዲስ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እነሱ እኮ እምቢ ያልህ ነው የመሰላቸው» አለችው።

«እንዴት እምቢ?» አለ እንዳላማው። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው እኮ የጠየቁኝ።»

እሷም ቁጥሩን መትታ ስልኩን ሰጠችው። ያቺው ትሑት ልጅ አነሳች። ሥራውን እንደሚፈልገው፣ ያን ዕለት ያለው ለወጉ እንደሆነ ሊያስረዳት ሞከረ። ወግ ማለት ለእሷ ምን እንደመሰላት እንጃ። ቢሆንም አዘነች፣ ከልቧ ነው ያዘነችው። እርስዎ አልፈልግም ስላሉ በማግስቱ ለሁለተኛው ሰው ነግረነዋል፣ እሺ ብሏል፣ ሰኞ መጥቶ ውል ይፈርማል፤ እሱ ራሱ ካልተወው በቀር ምንም ማድረግ አንችልም አለችው። እንዳላማው እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያሳድግሽ ብሎ መርቋት ዘጋ። የኔአለም ከጓዳ የሰማችው ምርቃቱን ብቻ ነውና፣ ተሳካ ወይ ብላ ጠየቀች፤ የሆነውን ሁሉ ነገራት።

ሲግደረደሩ ጦም ማደር ሲባል ሰምታ የማታውቅ ሴት አይደለችም። በልጅነቷ ስትስቅበት የኖረች ተረት ናት። ያን ዕለት ግን አልሳቀችም። አለቀሰች፣ እሱም አለቀሰ፤ ሁለቱም ፊታቸውን ወደየግድግዳቸው አዙረው፣ አንዱ ሌላውን እንዳያይ ተጠንቅቀው አለቀሱ። እሷስ ያለዚያም አታየውም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ምናለ ነው፣ ዳቦና ስኳር ይዞ። ሁለተኛው ሰው እሱ ነበር።

ተቀመጥ ቢሉት ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከስቷል። እነዚህን ሁለት ዓመታት ሲሚንቶ ከመኪና ሲያወርድ ነው የኖረው። ሚስቱ ሰገነት ከተገላገለች ወር አልሞላትም፤ የእንዳላማው ቤት ይህን ያውቃል፣ የኔአለም ራሷ በሰው እጅ ተመርታ ሄዳ ጠይቃታለች። ስለ አራሷ ተጠየቀ፣ ስለ ሕፃኑ ተጠየቀ፣ ደህና ናቸው አለ። ከዚያ ባርኔጣውን እጁ ውስጥ ያዞረው ጀመር።

«ጋሼ፣ እምቢ አሉ ሲሉኝ አላመንኋቸውም» አለ። «እነሱ አያውቁዎትም፣ እኔ አውቅዎታለሁ። ተግደርድረው ከሆነ ይንገሩኝ። አሁኑኑ ደውዬ ትቼዋለሁ እላቸዋለሁ፣ ለእርስዎ ይሰጡታል።»

እንዳላማው ሁለት ቀን ሙሉ በስልክ የጠበቃት ጥያቄ ይህች ናት። እነሆ በአገሩ ልጅ አፍ፣ በእግሯ ቤቱ ድረስ መጣችለት።

«አይ ልጄ፣ አንተ ውሰደው» አለ። ይህ አንደኛው ነው፤ አንደኛውን ማንም አይቆጥረውም።

«በሞቴ ጋሼ።»

«ተው እንጂ፣ አንተ የልጅ አባት ነህ።» ይህ ሁለተኛው ነው።

የኔአለም የነጠላዋን ጫፍ ጨምድዳ ይዛ ትንፋሿን ዋጠች። እሷም ትቆጥራለች።

ምናለ ለሦስተኛው አፉን ከፈተ። «በልጄ ሞት» አለ። ቃሉ የደንቡ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ መሐላ አገሩም የለው። ድምፁ ግን አነሰ። እንዳላማው ዕድሜውን ሙሉ በሞቴ ሲባል የኖረ ሰው ነው፤ ከአንጀት የሚባለውንና ጭልፋው ወደ ድስቱ እየተመለሰ የሚባለውን ለይቶ ያውቃል። ምናለ እየለመነው ነው። የሚለምነው ግን እምቢ እንዲለው ነው። ለሌላ ለማንም ያልታየ ነገር ለእንዳላማው ቁልጭ ብሎ ታየው፤ ልጁ ለጨዋነቱ ሲል የሕፃኑን እንጀራ ይዞ መጥቶ እፊቱ አስቀምጦለታል፣ እንዳይወሰድበትም እየሰጋ ነው።

«እንግዲህ ካልህ» የምትለው ቃል ምላሱ ላይ ነበረች። ዋጣት።

«እምቢ ብያለሁ» አለ። «ይህ የእውነቱ ነው። ሰኞ ሄደህ ፈርም።»

ምናለ ባርኔጣውን ማዞሩን አቆመ። ቆይተው ስለ ሥራው አወሩ። እንዳላማው የትኛው ምንጭ በግንቦት እንደሚከዳ፣ የትኛው መንደር የውሃ ኮሚቴው ቁልፍ እንደሚያጠፋ፣ የትኛው ቱቦ ላይ ከብት እንዳይነዱበት መለመን እንዳለበት ነገረው፣ እሱም በስልኩ ላይ ጻፈ። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ድሯቸው ሆኑ። ሲነሳ ጎንበስ ብሎ የእንዳላማውን ጉልበት ሳመ። እንዳላማው እስከ አጥሩ በር ሸኘው። እዚያ ሲደርሱ ምናለ ዘወር ብሎ አየው፣ የሚናገረው ያለ መሰለ፣ ኋላ ግን ደህና ይዋሉ ጋሼ ብቻ ብሎ ቁልቁለቱን ወረደ።

የኔአለም ግድግዳውን እየዳሰሰች ወጥታ አጠገቡ ቆመች። እሱ ስልኩን አውጥቶ የቢያዝንን ቁጥር ይፈልጋል። ደጀን ብርድ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ከዚህ ይሻላል፣ ወደ ዓባይ ዳር ነው አላት። ክንዱን ፈልጋ ያዘችው። ደግ አደረግህ፣ ሰማይ ቤት አይጠፋህም አለችው።

እንዳላማው ምናለ በሄደበት በኩል ያይ ነበር።

«በሩ ላይ አንድ ጊዜ ደግሞ በሞቴ ቢለኝ ኖሮ» አላት፣ «እሺ እለው ነበር።»